ላሟ ያልበላችው ጎመን

ጠብ ስትሸሹት ቤታችሁ ድረስ ይመጣል፤ ስትፈልጉት ግን በባትሪ አይገኝም። ይህን የምላችሁ ሦስት ሳምንት ሙሉ ጠብ ፈልጌ፣ አጥቼ፣ በመጨረሻ በገዛ እጄ ሠርቼ ስላየሁት ነው። የፈለግኩት ደግሞ ትልቅ ጠብ አልነበረም። ሽማግሌ የሚያስቀምጥ፣ ፖሊስ የማያስጠራ፣ መጠነኛ ጠብ ይበቃኝ ነበር።

ነገሩ የጀመረው ዶክተር ሜይ ሰርቪስ ቤታችንን የተከራየች ሰሞን ነው። ዶክተር ሜይ በአገሯ የሕግ መምህር ናት። ከቻይና ድረስ የመጣችው የእኛን ሽምግልና ከእነሱ አገር የማስታረቅ ሥራ ጋር አነጻጽራ ልትጽፍ ነው። እኛ ሰፈር ግን ቻይና ሲባል ትዝ የሚለን መንገድ ሥራ ስለሆነ፣ ጎረቤቱ ሁሉ እየመጣ ወደ ሀና ማርያም የሚወስደው የውስጥ መንገድ መቼ አስፋልት እንደሚለብስ ጠየቃት። እሷም አንድ በአንድ በማስታወሻዋ ጻፈችው። አማርኛዋን የተማረችው ከመጽሐፍ በመሆኑ አንተም አንቺም አታውቅም፤ ለእሷ ሁሉም ሰው እርስዎ ነው። ውሻችንን ሳይቀር "እባክዎ ያሳልፉኝ" ስትለው በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ውሻው ከዚያ ወዲህ እኛ "ሂድ ከዚህ" ስንለው ቅር ይለዋል።

ስለ ራሴም ትንሽ ልንገራችሁ። ሃያ ስድስት ዓመት ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ሠርቼ ጡረታ ወጥቻለሁ። አሁን ፍርድ ቤቱ በር ላይ ጥላ ዘርግቼ ለባለጉዳይ ማመልከቻ እጽፋለሁ። ዳኛ አይደለሁም፣ ጠበቃም አይደለሁም፤ ግን ሃያ ስድስት ዓመት የሕግን አቧራ ያራገፈ ሰው ትንሽ ሳይተነፍሰው አይቀርም። ባለቤቴ አልማዝ "የተነፈስከው አቧራውን ብቻ ነው" ትላለች። የሷን ነገር ተዉት።

ዶክተር ሜይ ዕርቅ ለማየት መጀመሪያ የሄደችው የመንግሥት ቢሮ ነው። ቢሮው ደብዳቤ አምጪ አላት፤ ደብዳቤውን ስታመጣ፣ ደብዳቤው ትክክለኛ መሆኑን የሚገልጽ ሌላ ደብዳቤ አስፈለገ። ስለዚህ ፊቷን ወደ ሰፈራችን አዞረች። የሚገርመው የመጣው እዚህ ላይ ነው። ሰፈራችን ላፍቶ ትናንት እርሻ ነበር፤ ዛሬ ሕንፃ በሕንፃ ሆኗል፤ ጎርፉ ግን የድሮ መንገዱን አልረሳም። ክረምት ሲገባ የአንዱ ውሃ በሌላው በር ሳያልፍ አይወርድም፤ እኛም ሳንጣላ አንውልም። ያን ዓመት ግን ዶክተር ሜይ ማስታወሻዋን ይዛ ብቅ ባለች ቁጥር ሰፈሩ ገዳም ይሆናል። በፍሳሽ ምክንያት እርስ በርስ ሲሰዳደቡ ያረፈዱ ሁለት ሴቶች ሲያዩዋት ተቃቅፈው ፎቶ አንሺን አሉ። ሀይሌ ጋርመንት ታክሲ ሰልፍ ላይ አንድ ረዳትና አንድ ተሳፋሪ ኮሌታ ለኮሌታ ተያይዘው ደረስን። "ምን ላይ እንዳልተስማማችሁ ልትነግሩኝ ትችላላችሁ?" ስትላቸው ተለቃቀቁ፤ ረዳቱ ጋቢና ውስጥ ቦታ ሰጣት፤ ተሳፋሪው የኮሌታውን ቁልፍ እየዘጋ እንኳን ደህና መጣሽ አላት። ገመናችንን ለእንግዳ አናሳይም።

ልትሄድ አሥር ቀን ሲቀራት አንድ ዕርቅ አላየችም። አዘንኩላት። እውነቱን ከተናገርኩ ደግሞ ለራሴም አዘንኩ፤ ምክንያቱም መጽሐፏ መግቢያ ላይ የረዷትን ሰዎች ስም የምታሰፍርበት ገጽ እንዳለ ነግራኝ ነበር። ዕድሜ ልኬን የሰው ስም መዝገብ ላይ ስጽፍ ኖሬአለሁ፤ የእኔ ስም በአንድ የሕግ መጽሐፍ ላይ ይወጣል ብዬ ሳስብ እንቅልፍ ነሳኝ። "ጠብ ከሆነ የጠፋው በሦስት ቀን አመጣልሻለሁ" አልኳት። ጠብ ልክ እንደ ዶሮ ከገበያ የሚመጣ ይመስል።

ለጠብ ያጨሁት ገመቹን ነው። ገመቹ የግንብ አጥር ጎረቤቴ ነው። የዛሬው ሰፈራችን የአባቱ እርሻ ነበር፤ የእኔ ሳሎን ያለበት ቦታ ላይ ምስር ይበቅል እንደነበር እሱ ነው የነገረኝ። ዛሬ የቀረችው ግቢውና ወንዙ ዳር ያለች የአትክልት መደብ ናት፤ ሁለት ላሞችም አሉት። ከአሥራ አራት ዓመት በፊት በአጥራችን መሃል አንዲት ትንሽ በር ከፍተናል። በዚያች በር ጠዋት ጠዋት ወተት ወደ እኛ ይመጣል፤ የአትክልት ልጣጭና ያነበብኩት ጋዜጣ ወደ እሱ ይሄዳል። ወንድም አለህ ወይ ብትሉኝ ያችን በር ነው የማሳያችሁ።

ሐሳቤን ስነግረው ማለቢያውን ቁጭ አደረገ።

"በሽማግሌ ፊት ዋሽ ነው የምትለኝ?"

ውሸት ሳይሆን ሠርቶ ማሳያ ነው አልኩት። ሠርቶ ማሳያ የሚለውን ነገር ከግብርና ባለሙያዎች ስለሚያውቀው ትንሽ ለሰለሰ። ዶክተር ሜይንም ይወዳታል፤ አንድ ቀን ስታለብ ልታይ መጥታ ላሚቱን "ይቅርታ፣ ላስቸግርዎት" ስላለቻት ሰው መሆኗን አውቋል። ስለዚህ ተስማማን። የእሱ ላም ቡሬ በዚያች በር ገብታ የእኔን ጎመን በላች ይባላል፤ እኔ እከስሳለሁ፤ እሱ በልታለች ብሎ ያምናል፤ ሽማግሌዎቹ ያስታርቁናል፤ ዶክተሯ ትጽፋለች። ለሽማግሌዎቹ ላለመንገር ወሰንኩ፤ ካወቁ ፊታቸው ላይ ያስታውቃል ብዬ ነው። ገመቹ የከፋው ለቡሬ ብቻ ነበር። ቡሬ እንኳን ጎመን ልትሰርቅ፣ በሩ ተከፍቶላት ግቢ ካልተባለች የምትገባ ላም አይደለችም።

ቅዳሜ ጠዋት ተነስቼ የአልማዝን ጎመን በቢላዋ እያሳጠርኩ ቆረጥኩት። አልማዝ ስታየው የተናገረችውን ለእናንተ አልደግመውም። ዶክተር ሜይ መጥታ የተቆረጠውን ሁሉ አንድ በአንድ ፎቶ አነሳች፤ አጠገቡም ማስመሪያ አስቀመጠች። እኔም በውስጤ ምስጋናው ገጽ ላይ ስሜ በስንተኛው መስመር እንደሚሆን አሰብኩ።

ከዚያ በር ላይ ወጥተን ተጣላን። ገመቹ መጣላት አይችልበትም። ዜና እንደሚያነብ ሰው ቀጥ ብሎ ቆሞ "እንዲህ ማለትህ አስቆጥቶኛል" አለኝ። ሰው መሰብሰብ ሲጀምር፣ ጠቡ እንዳይከሽፍ ፈርቼ ድምፄን ከፍ አደረግኩ። በስምምነታችን ውስጥ የሌለ ነገር ከአፌ ወጣ። "በዚህ ከተማ መሃል ላም ይዞ መቀመጥ ምንድን ነው?" አልኩት። "ዘመኑ አልፎብሃል፤ አልነገሩህም?"

የገመቹ ፊት ተለወጠ። ጎሽ፣ አሁን ገባበት አልኩ በሆዴ። ወደ ግቢው ገባ፤ ትንሿን በር ዘጋ፤ ከወዲያ በኩል የቁልፍ ድምፅ ሰማሁ። ቁልፉም በስምምነታችን ውስጥ አልነበረም፤ ከራሱ ፈጥሮ መጨመሩን አደነቅኩለት። በማግስቱ ጠዋት ወተት አልመጣም። ይህንንም አደነቅኩና ሻዬን ያለ ወተት ጠጣሁ።

እሁድ ከሰዓት ጋሽ ጴጥሮስ ግቢ ተቀመጥን። ጋሽ ጴጥሮስ የጋሞ ሰው ናቸው፤ መጋረጃ ይሰፋሉ፤ ሰፈሩ ሲጣላ የሚጠራው እሳቸውን ነው። ጴንጤ ናቸው፤ ከቤተ ክርስቲያን እንደመጡ ነበሩ። ሲጸልዩ ረዥም፣ ሲፈርዱ አጭር ናቸው። ሁለት ሌሎች ሽማግሌዎች በግራና በቀኝ ተቀምጠዋል። ዶክተር ሜይ ማስታወሻዋን ይዛ ጥግ ላይ፣ አልማዝ ደግሞ ከሴቶቹ ጋር ናት።

"ዋስ ጥሩ" አሉን ጋሽ ጴጥሮስ። የሚፈረደውን እንቀበላለን የሚል ሰው ማለታቸው ነው። ገመቹ አንድ ዘመዱን ጠራ። እኔ ዞሬ አልማዝን አየኋት። አልማዝ ገና ከጎመኑ ሐዘን አልወጣችም ነበርና ሰማዩን ታይ ጀመር። ሰፈሩን በሙሉ በዓይኔ ለመንኩ፤ ትናንት ላም ለምን ያዝክ ብዬ የጮኽኩትን የሰማ ሁሉ ጫማውን ያያል። በመጨረሻ ዶክተር ሜይ ማስታወሻዋን ከድና ተነሳች።

"እኔ ዋስ እሆንዎታለሁ" አለችኝ።

ሽማግሌዎቹ ተማከሩ። የውጭ ዜጋ ዋስ አይሆንም የሚል ነገር ከየትም አላገኙም። ጋሽ ጴጥሮስ ግን አንድ ነገር አስጠነቀቋት፤ ዋስ የሆነ ሰው ጉዳዩ ሳያልቅ ከአገር አይወጣም። አውሮፕላኗ ሐሙስ ነው። እሷ ግን ደስ ብሏት እሺ አለች፤ ልታጠናው የመጣችው ነገር ውስጥ እግሯን ስታስገባ ያየኋት ያን ጊዜ ነው።

ክሴን እንደ ለመድኩት በአንደኛ፣ በሁለተኛ እያልኩ አቀረብኩ። ስምንተኛው ላይ ስደርስ ጋሽ ጴጥሮስ "ጎመኑን ሰምተናል" ብለው አስቀመጡኝ። ገመቹ ተራው ደረሰ። በስምምነታችን መሠረት በልታለች ማለት ነበረበት። መሬት መሬት እያየ "በልታለች ተብሏል" አለ። ከዚያ በላይ ሊዋሽ አልቻለም።

ጋሽ ጴጥሮስ አዩት። የሽምግልና ልማዳቸው ነው፤ ከመፍረዳቸው በፊት አንዱን ነገር ሦስት ጊዜ ይጠይቃሉ። እኔ ይህን ልማድ ለዶክተሯ ሳብራራ እንዴት እኔም ላይ እንደሚሠራ አላሰብኩም።

"ከዚህ ሌላ በሆድህ የቀረ አለ?" አሉት።

ገመቹ የለም አለ። ደግመው ጠየቁት። የጫማውን ክር ያጠብቅ ጀመር። ለሦስተኛ ጊዜ ሲጠይቁት ቀና ብሎ አየኝ፤ እኔን ማየቱ ነው የገረመኝ።

"አለ" አለ። "ስድስት ዓመት ሆኖታል። ለግቢዬ ካርታ ማመልከቻ ጻፍልኝ አልኩት፤ ጻፈልኝ። ጽሑፉ ያምራል። ግን 'የቀድሞ አርሶ አደር' ብሎ ነው የጻፈኝ። የዚያን ዕለት ጠዋት አልቤ ነው የሄድኩት፤ እጄ ወተት ወተት ይሸት ነበር። ቢሮው ውስጥ ጮክ ብለው አነበቡት። ያለብኩትን ወተት እሱም ጠጥቶታል። ትናንት ደግሞ በሰው ፊት ዘመንህ አልፏል አለኝ። ይህ በስምምነታችን አልነበረም።"

"የምን ስምምነት?" አሉ ጋሽ ጴጥሮስ።

እንግዲህ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ የሚባለው ለዚህ ነው። ሁሉንም ተናዘዝኩ። ጎመኑን፣ ቢላዋውን፣ ሠርቶ ማሳያውን፣ የምስጋናውን ገጽ ሳይቀር። ያ ማመልከቻ ደግሞ ትዝ አለኝ። "የቀድሞ" ብዬ የጻፍኩት ባለሥልጣኑ እርሻው ለሄደበት ሰው ያዝናል ብዬ ነበር፤ እንዲያውም በአጻጻፌ ኮርቼ ለአልማዝ አንብቤላታለሁ። ስድስት ዓመት በየጠዋቱ ወተቱን በዚያች በር ሲያቀብለኝ ነገሩን አብሮ ይዞት ኖሯል። አፈርኩ። ከዚህ የተሻለ ቃል የለኝም።

ጋሽ ጴጥሮስ ወደ እኔ ዞሩ። አንተስ በሆድህ የቀረ አለ ሲሉኝ የለኝም አልኩ፤ ሲደግሙት የለኝም አልኩ፤ ሲሠልሱት የገመቹ ልጅ ስትዳር ሽማግሌ ሆኜ እንድቀመጥ ሳልጠራ መቅረቴን ተናገርኩ። ከእንግዳ ጋር፣ ያውም ስፒከሩ ሥር ነበር ያስቀመጡኝ፤ ሙሽራዋን በልጅነቷ ያዘልኳት ሰው። ገመቹ ቀስ ብሎ ሠርጉ ማመልከቻውን በጻፍኩ በወሩ እንደነበር አስታወሰኝ።

በግራ የተቀመጡት ሽማግሌ ተነሱ፤ ለውሸት ጠብ የእሁድ እንቅልፋቸውን መተዋቸው አናዷቸዋል። ጋሽ ጴጥሮስ ግን "ተቀመጥ" አሏቸው። "ውሸቱ ጎመኑ ነው። ሌላው እውነት ነው።"

ዶክተር ሜይ እጇን አወጣች። ዋስ መናገር ይችል እንደሆነ ጠየቀች፤ ተፈቀደላት። ጎመኑ የተቆረጠው በቢላዋ እንደሆነ ቅዳሜ ጠዋት ፎቶ ስታነሳ ማወቋን ተናገረች። ላም ስትበላ እንዲህ ቀጥ አድርጋ አትቆርጥም። ለምን ዝም አልሽ ስላት እንግዳ ስለሆንኩ ነው አለች። ቀጥላ አክስቷ በሰፈራቸው አስታራቂ እንደነበሩ ነገረችን። ተቆጣጣሪ ሲመጣ አክስቷ ሁለት ጎረቤቶችን በአበባ ማሰሮ ምክንያት አጣልተው ያስታርቁ ነበር። አንድ ዓመት ሁለቱ ጎረቤቶች የምር ተኳረፉ፤ እስከ ዛሬም አይነጋገሩም።

"አክስቴ ሦስት ጊዜ አልጠየቁም" አለችና ተቀምጣ ጻፈች።

ፍርዱ አጭር ነበር። በዚህ ጉዳይ ስሟ የጠፋው ላሟ ናት፤ ስለዚህ በልታለች የተባለውን ጎመን ትብላ፤ ከሳሹም በእጁ ያብላ። ሁለተኛ፣ ማመልከቻው እንደገና ይጻፍ፤ ገመቹ ይኼ እኔን ነው ብሎ እስኪቀበለው ድረስ ዋሷ አትለቀቅም።

የመጀመሪያው ፍርድ በማግስቱ ተፈጸመ። አልማዝ የተረፈውን ጎመኗን በሙሉ ስትነቅል ያየ ሰው ሐዘን ቤት የገባ ይመስለዋል። ታቅፌ ሽማግሌዎቹ ፊት ለቡሬ አቀረብኩላት። ቡሬ አሸተተችው፤ እኔን አየችኝ፤ ፊቷን አዞረች። ጋሽ ጴጥሮስ "እሷም ገና አልታረቀችም" አሉ። ክንዴ እስኪዝል ቆምኩ፤ በኋላ ገመቹ ጀርባዋን ዳበስ ሲያደርጋት በላችልኝ።

ሁለተኛው ግን ከበደኝ። ትንሿ በር እንደተቆለፈች ስለሆነች ወረቀቱን በአጥር ላይ ነበር የማቀብለው። የሰኞው ጽሑፍ "በነባር የግብርና ሙያ ተሰማርተው የሚገኙ" ይላል። ይኼ ማነው ብሎ መለሰው። የማክሰኞው "ከአርሶ አደር ቤተሰብ የተገኙ" ይላል። አባቴን ጻፍልኝ አላልኩህም ብሎ መለሰው። ረቡዕ ጠዋት የዶክተር ሜይ ሻንጣ ታስሮ በረንዳው ላይ ቆሟል። ወንበር ላይ ተቀምጣለች፤ ዋስትናውን ትታ የመሄድ ሐሳብ በጭራሽ ፊቷ ላይ የለም። ትኬቷን ማራዘም እንደምትችል ስትነግረኝ ይበልጥ ጨነቀኝ። የእሷ መቅረት ብቻ አልነበረም ያስጨነቀኝ፤ ያለዚያች በር አምስት ቀን ኖሬ ቤቱ ጠቦኝ ነበር።

"ስለ እርሳቸው ከሚያስቡ፣ አሁን ምን እየሠሩ እንደሆነ ለምን አያዩም?" አለችኝ።

ወንበሩን ከሥሯ ተቀብዬ አጥሩ ሥር አቆምኩና ወጣሁበት። ገመቹ ቁጢጥ ብሎ እያለበ ነው። ግንቡ ላይ ወረቀቴን ዘርግቼ ጻፍኩ። "አመልካች ገመቹ ገበሬ ነው። ዛሬ ጠዋት ሁለት ላሞች አልቧል።" ከሃያ ስድስት ዓመት በኋላ ያለ አንደኛና ያለ ሁለተኛ የጻፍኩት የመጀመሪያው ጽሑፍ ይኸው ነው። ጮክ ብዬ አነበብኩለት። ገመቹ ተነስቶ እጁን በሱሪው ጠረገና ወረቀቱን ተቀበለኝ፤ ሁለት መስመር ለማንበብ ብዙ ቆየ።

"አንድ ነው ያለብኩት" አለኝ። "ሌላዋን ጥጃዋ ጠብቷታል።"

አስተካከልኩት። ከወንበሩ ስወርድ የቁልፉን ድምፅ ሰማሁ። ትንሿ በር ተከፈተች፤ መጀመሪያ የገባው የወተቱ ማሰሮ ነው፤ ቀጥሎ እሱ። አልማዝ ወተቱን ተቀብላ ልታፈላ ገባች፤ ዶክተር ሜይ ዋስትናዋ መውረዱን በማስታወሻዋ ጽፋ ሁለታችንንም አስፈረመችን። በማግስቱ ሄደች።

ከወራት በኋላ ጽሑፏ ደረሰኝ፤ የእኛን ክፍል በአማርኛ ተርጉማ አያይዛዋለች። በቀጥታ የሄድኩት የምስጋናው ገጽ ላይ ነው። ስሜ የለም። ጉዳያቸው የተጠና ሰዎችን ስም መግለጽ በሙያዋ ክልክል መሆኑን በትሕትና ጽፋልኛለች፤ ዋስ ያቆመ ተከራካሪ ረዳት ሊባል አይችልም። እሺ ብዬ ወደ ውስጥ ገለጥኩ። ሦስት ጊዜ ስለመጠየቅ ብቻ ብዙ ገጽ ጽፋለች። ከዚያ በፊት ግን ማን ማን እንደሆንን የሚነግር አጭር መስመር አለ። "ተከራካሪ ሀ፦ የቀድሞ የፍርድ ቤት ሠራተኛ። ተከራካሪ ለ፦ ገበሬ።"

የቀድሞ። ያን ዕለት እኮ ሦስት ማመልከቻ ጽፌ ነው የገባሁት፤ ጣቴ ገና በቀለም እንደተበከለ ነው። ወረቀቱን ይዤ በትንሿ በር ዘለቅኩና ለገመቹ ሰጠሁት። ቡሬን እያሰረ ነበር። አነበበው፤ መስመሯን በጣቱ ተከትሎ ደግሞ አነበባት። ከዚያ ወረቀቱን አጥፎ መለሰልኝና የእኔን ጣቶች አየ።

"ከዚህ ሌላ በሆድህ የቀረ አለ?" አለኝ።

የለም አልኩት። ገና ሁለት ጊዜ ይቀረዋል።